የሕክምና መዝገብዎ በእጅዎ ሲገባ፦ ስለ ግላዊነትና ስለ ማንነት ማረጋገጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕክምና ታሪካቸውን በስልካቸው ይዘው የሚዞሩ ሰዎች እየበዙ ነው። ጥያቄውም አብሮ በዝቷል። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ከሩቅ የሚመጣውን ሃከር ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ግን መዝገቡ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የቱንም ያህል ቢጠበቅ፣ ሌላ ሰው በእርስዎ ስም መግባት ከቻለ ሁሉም ነገር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች ደጋግመው ወደ አንድ ነገር ይመለሳሉ፦ የገባው ሰው ማን ነው? ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በታካሚው ቁጥጥር ሥር ያለ መዝገብ ሲባል ምን ማለት ነው? ሆስፒታሉ አፕ ሰጥቶኝ የለ እንዴ?

ሁለቱ ይለያያሉ። የሆስፒታሉ አፕ የሚያሳይዎ የሆስፒታሉን መዝገብ ነው። ምን እንደሚታይና ለማን እንደሚታይ የሚወስነው ሆስፒታሉ ነው። ሌላ ቦታ የታከሙት እዚያ ውስጥ የለም።

በታካሚው ቁጥጥር ሥር ያለው መዝገብ ከየሕክምና ተቋሙ፣ ከላብራቶሪው፣ ከመድኃኒት ቤቱ የእርስዎን ቅጂ እየሰበሰበ በአንድ አካውንት ያስቀምጣል። ለማን እንደሚከፈት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሐሳቡ ዕድሜ አለው። የቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች፣ እነ ኬኔት ማንድልና አይዛክ ኮሃኔ፣ በ2001 በይፋ ጽፈውበታል። ፒንግ የሚባል ሥርዓትም ሠርተዋል፤ በኋላ ኢንዲቮ ተባለ። አውስትራሊያ በ2012 በአገር ደረጃ ስትጀምረው የመዝገቡ ስም ራሱ «በግል ቁጥጥር ሥር ያለ ኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገብ» ነበር።

መዝገቡ የእኔ ከሆነ የማልወደውን ነገር መሰረዝ እችላለሁ?

መደበቅ ይችላሉ። ሐኪሙ የጻፈውን መለወጥ ግን አይችሉም፤ መቻልም የለብዎትም። ከላብራቶሪ የመጣ ውጤት በላኪው ዲጂታል ፊርማ ሊታሸግ ይችላል። ከዚያ በኋላ አንዲት ቁጥር ብትነካ ፊርማው አይገጥምም። ይህ ባይኖር ቀጣዩ ሐኪም ያመጡለትን ውጤት አያምነውም፤ ያው ምርመራ እንደገና ይታዘዛል።

ስህተት ካዩ ግን ዝም አይበሉ። ከሰነዱ ጎን የራስዎን ማስታወሻ ያስቀምጡ፣ የጻፈው ተቋም እንዲያርመውም ይጠይቁ። ደግሞም ከራስዎ ቅጂ ላይ ያጠፉት ነገር ከተቋሙ ዋና መዝገብ ላይ አይጠፋም።

አካውንት ስከፍት መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር ይጠይቁኛል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው?

ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እየተሠሩ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው፣ ይህ ሰው በእርግጥ ማን ነው የሚለውን ማረጋገጥ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ አንዴ ይደረጋል። ሁለተኛው፣ በገቡ ቁጥር ያው ሰው ተመልሶ መምጣቱን ማረጋገጥ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ፓስዎርድ፣ አሻራ፣ ኮድ። የመጀመሪያው ከተበላሸ ግን የሁለተኛው ጥንካሬ ምንም አይጠቅምም። የተሳሳተ ሰው በጠንካራ ቁልፍ ይገባል ማለት ነው።

አንድ ዓይነት ስም ያላቸውና በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። ሥርዓቱ ሁለቱን አንድ ሰው ናቸው ብሎ መዝገባቸውን ቢያዋህድ፣ የአንዱ ሚስጥር ለሌላው ወጣ። ይህ ክፉ ነው። ከዚህ የባሰው ግን፣ የአንዱ የደም ዓይነትና የፔኒሲሊን አለርጂ በሌላው መዝገብ ላይ መቀመጡ ነው። በሌላ ሰው ስም ሕክምና የሚያገኙ አጭበርባሪዎችም የሚያደርሱት ጉዳት ይኸው ነው፦ የእነሱ በሽታ በእርስዎ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ማንነት ማረጋገጥ ሚስጥር ከመጠበቅ አልፎ ሕይወት የመጠበቅ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ብለው የሚያጠፉት ደቂቃ ከንቱ አይደለም።

ታዲያ ለሁሉም ነገር አንድ መለያ ቁጥር ቢኖር አይቀልም?

ይቀላል። ችግሩም መቅለሉ ላይ ነው። አንዱ ቁጥር ባንክም፣ ስልክም፣ ክሊኒክም የሚሠራ ከሆነ፣ ቁጥሩን ያገኘ ሰው ሁሉንም ያገናኛል። ገንዘብዎን፣ የሚደውሉለትን ሰውና ሕመምዎን በአንድ ላይ ያያል።

አገሮች በተለያየ መንገድ ሄደዋል። ኢስቶኒያ ከ2002 ጀምሮ በምትሰጠው ዲጂታል መታወቂያ ላይ ተመሥርታ የጤና መዝገቡንም አስገባች። ሕንድ ለጤና ብቻ የሚያገለግል ባለ 14 አሃዝ ቁጥር አወጣች። ለእኔ በጣም የሚመቸኝ የኦስትሪያ መንገድ ነው። እዚያ ለእያንዳንዱ የመንግሥት ዘርፍ ከአንድ ምንጭ የተለየ መለያ ይፈልቃል። የጤናውን መለያ የያዘ መሥሪያ ቤት ከእሱ ተነስቶ የግብሩን መለያ ማግኘት አይችልም። ሰውየው አንድ ነው፤ ዱካው ግን አይገናኝም።

ፓስዎርዴ ጠንካራ ነው። አይበቃም?

ሌላ ቦታም የሚጠቀሙበት ከሆነ አይበቃም። በ2023 ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ በተባለው የዘረመል ምርመራ ድርጅት ላይ የደረሰውን ይመልከቱ። ሰርጎ ገቦቹ የድርጅቱን ሰርቨር አልሰበሩም። ከሌሎች ድረ ገጾች የተሰረቁ ፓስዎርዶችን አምጥተው እዚያ ሞከሩ። ወደ 14 ሺህ አካውንቶች ተከፈቱላቸው። ከዚያ ዘመዳሞችን በሚያገናኘው የድርጅቱ አገልግሎት በኩል የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ አዩ። አብዛኞቹ ተጎጂዎች የፓስዎርድ ስህተት አልሠሩም። የማያውቁት ዘመዳቸው ነው የሠራው።

ስለዚህ ለሕክምና መዝገብዎ ሌላ ቦታ የሌለ ፓስዎርድ ይስጡት። ከፓስዎርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ያብሩ። በአጭር መልእክት የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ግን ስልክ ቁጥርዎን በሌላ ሲም ካርድ ላይ ያስወጣ ሰው ኮዱም ለእሱ ይደርሰዋል። ኮድ የሚያመነጭ አፕ ወይም ፓስኪ (በፓስዎርድ ፈንታ የሚያስገባ ዲጂታል ቁልፍ) ካለ እሱን ይምረጡ። ፓስኪ በውሸት ድረ ገጽ ላይ ስለማይሠራ አስመሳይ ሊንክ ቢልኩልዎትም አይሸወድም።

ባለቤቴ ፓስዎርዴን ያውቃል። በመካከላችን ሚስጥር የለም። ችግር አለው?

በጣም የምጨነቅበት ጥያቄ ይህ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ዛሬ ችግር ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ፓስዎርድ ሲሰጡ ሁሉንም ነው የሰጡት፤ ያለፈውን፣ የአሁኑን፣ ነገ የሚመጣውንም ጭምር። ከመጋባታችሁ በፊት የሆነው አለ። ለሥነ ልቦና አማካሪ የተናገሩት አለ። ነገ የሚመጣ የምርመራ ውጤት ደግሞ ከእርስዎ በፊት እሱ ሊያነበው ይችላል። ትዳሩ ቢበላሽ ያነበበውን ማስረሳት አይቻልም።

ሌላም አለ። ባለቤትዎ በእርስዎ ፓስዎርድ ሲገባ ሥርዓቱ የሚመዘግበው እርስዎ እንደገቡ አድርጎ ነው። ቀጠሮ ቢሰረዝ፣ ለሐኪም መልእክት ቢላክ፣ በእርስዎ ስም ነው። በኋላ ማን ምን እንዳደረገ መለየት አይቻልም።

መፍትሔው ውክልና ነው። ጥሩ ሥርዓት ለሌላ ሰው የራሱን መግቢያ ይሰጠዋል፤ እርስዎ ምን ያህል እንደሚያይ ይወስናሉ። ቀጠሮና መድኃኒት ብቻ ይይ፣ ማስታወሻዎቹን አይይ ማለት ይችላሉ። ሲፈልጉ ይዘጉታል። አረጋዊ እናትን የሚያስታምም ልጅም ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው፤ የእናቱን ፓስዎርድ በወረቀት ጽፎ መያዝ አይደለም።

ፓስዎርዱን ማንም ባያውቅ እንኳ ስልክዎን ያረጋግጡ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ተቆልፏል። ድንገት ስክሪኑ ይበራና «የኤችአይቪ ምርመራ ውጤትዎ ደርሷል» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ አነበበው። ስልኩ ሲቆለፍ ማሳወቂያው ዝርዝር እንዳያሳይ ማድረግ ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ይቻላል። ውጤቱ የሚላክበትን ኢሜይልም ይዩት፤ የሥራ ኢሜይል ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት። የቤተሰብ ስልክ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አይርሱ፦ የልጅዎ አሻራ ስልኩን የሚከፍት ከሆነ በአሻራ የሚከፈተውን አፕም ሊከፍተው ይችላል።

የልጆቼን መዝገብ እኔ ነኝ የምይዘው። እስከ መቼ?

ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። አውስትራሊያ ውስጥ ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው መዝገቡን የመቆጣጠር መብት ይጀምርለታል፤ ወላጅ እንደበፊቱ አያይም። ወላጆችን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ግን እናቷ እንደምታነበው የምታውቅ ልጅ ለሐኪሟ የሚያስጨንቃትን አትናገርም። ያልተነገረ ነገር አይታከምም።

ራሴን ስቼ ብወድቅና ፈቃድ መስጠት ባልችልስ?

ለዚህ የድንገተኛ መግቢያ አለ። ሐኪሙ ምክንያቱን ጠቅሶ የዘጉትን ጭምር ይከፍታል። ሥርዓቱ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደከፈተ ይመዘግባል። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ ፈቃድ ቢበዛ ለ5 ቀን ይቆያል፤ መከፈቱም ከታካሚው መዝገብ ላይ ይታያል። ሥርዓት ሲመርጡ ይህ መግቢያ መኖሩን ብቻ አይጠይቁ። አላግባብ የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበትም ይጠይቁ።

ከዚህ በተጨማሪ ስልኮች ሳይከፈቱ የሚታይ የድንገተኛ መረጃ ገጽ አላቸው። አለርጂዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ የሚደወልለትን ሰው ይሙሉበት። ማንም ሊያየው ስለሚችል ከዚያ በላይ አይጻፉ።

መዝገቤን ማን እንዳየው እንዴት አውቃለሁ?

የመግቢያ ታሪክ የሚባል ገጽ ይፈልጉ። ኢስቶኒያ ውስጥ ማንኛውም ሰው የጤና መዝገቡን ማን እንደከፈተው ገብቶ ያያል። ለእኔ ይህ ገጽ የሌለው ሥርዓት ቁጥጥሩን ለታካሚው ሰጥቻለሁ ሊል አይገባም።

ገጹን ሲከፍቱ ረጅም ዝርዝር ነው የሚያዩት። አይደንግጡ። ለምሳሌ ሦስት መስመር እንውሰድ። አንደኛው፦ ሰኞ ጠዋት፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የደም ምርመራ ትእዛዝ። ሰኞ ደም ሰጥተው ከነበረ ልክ ነው። ሁለተኛው፦ ሐሙስ ከሰዓት፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ የመድኃኒት ዝርዝር። ይህም ልክ ነው፤ መድኃኒት ገዝተዋል። ሦስተኛው፦ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት፣ ሄደው በማያውቁት ክፍል የምትሠራ ነርስ፣ ሙሉ መዝገብ። ይህን ይጠይቁ። መልስ ሊኖረው ይችላል፤ ተረኛ ሆና የተላከላትን ውጤት ስታጣራ ይሆናል። ግን መጠየቅ መብትዎ ነው። የማወቅ ጉጉት ያሸነፈው ሠራተኛ የጎረቤቱን ወይም የቀድሞ ፍቅረኛውን መዝገብ ሲከፍት የሚያዘው በዚህ ገጽ ነው። ሕክምና ቦታ በሄዱ ቁጥር በሳምንቱ አንዴ ብቅ ብለው ይዩት።

ለአንዱ ሐኪም አሳይቼ ለሌላው መደበቅ እችላለሁ?

ብዙ ሥርዓቶች ይፈቅዳሉ። ግን የደበቁት ነገር በሌላ በር ይወጣል። የአእምሮ ሐኪሙን ማስታወሻ ዘጉ እንበል። የመድኃኒት ዝርዝሩ ላይ ሊቲየም ካለ፣ ማንኛውም ሐኪም የስሜት መዋዠቅ ሕመምን ይጠረጥራል። የላብራቶሪው ገጽ ላይ ደግሞ የሊቲየም መጠን በየጊዜው ሲለካ ያያል። ምርመራውን ለመደበቅ መድኃኒቱም፣ ላብራቶሪውም፣ የቀጠሮው ክፍል ስምም አብረው መደበቅ አለባቸው። ይህን በራሱ የሚያደርግ ሥርዓት መሥራት ከባድ ነው። ስለዚህ ከዘጉ በኋላ «እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ማየት» የሚል አማራጭ ካለ ይጠቀሙበት። ሐኪሙ የሚያየውን ራስዎ ይዩት።

መደበቅ ዋጋም ያስከፍላል። ለኤችአይቪ የሚሰጠው ሪቶናቪር ለኮሌስትሮል ከሚሰጠው ሲምቫስታቲን ጋር ከተወሰደ ጡንቻን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። አንዱን ያላየ ሐኪም ሌላውን ሊያዝ ይችላል። እኔ የምመክረው ምርመራውንና ማስታወሻውን ከፈለጉ ይዝጉ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩን ግን መድኃኒት ለሚያዝልዎ ሁሉ ክፍት ይተዉ የሚል ነው።

ሌላ አፕ «መዝገብዎን ላገናኝ?» ሲለኝ ምን ላድርግ?

በደንቡ የተሠራ አፕ የመዝገብዎን ፓስዎርድ አይጠይቅም። ወደ መዝገብዎ ገጽ ይወስድዎታል፣ እዚያ እርስዎ ይገባሉ፣ ምን እንዲያይ እንደሚፈቅዱ ይመርጣሉ። አፑ የሚያገኘው የተወሰነ ጊዜና የተወሰነ ፈቃድ ያለው ዲጂታል ማለፊያ ነው። ፓስዎርድዎን በራሱ ገጽ ላይ እንዲያስገቡ የሚጠይቅ አፕ ካጋጠመዎት ይውጡ።

የፈቃዱን ገጽ ሳያነቡ አይለፉ። የእርምጃ ቆጣሪ አፕ የሥነ አእምሮ ማስታወሻ ምን ያደርግለታል? ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የሕግ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የ1996ቱ ሂፓ የሚባለው ሕግ ሆስፒታሎችና የጤና መድን ድርጅቶች የታካሚን መረጃ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። መረጃውን ራስዎ መርጠው ለአንድ የግል አፕ ሲሰጡት ግን በአብዛኛው ከዚያ ሕግ ጥበቃ ውጭ ይወጣል። አፑን ከስልክ ላይ ማጥፋት ደግሞ የወሰደውን መረጃ አያጠፋም። መጀመሪያ ግንኙነቱን ከመዝገቡ በኩል ያቋርጡ፣ ከዚያ ድርጅቱ ያለውን እንዲሰርዝ ይጠይቁ፣ መጨረሻ ላይ አፑን ያጥፉ።

መዝገቤ ስሜ ተሰርዞ ለጥናት ቢሰጥ ማንም አያውቀኝም አይደል?

ስም መሰረዝ ብቻውን አይሰውርም። በ1990ዎቹ ላታኒያ ስዊኒ፣ ያኔ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ስም የሌለበትን የአሜሪካዋን ግዛት የማሳቹሴትስን የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ከመራጮች ዝርዝር ጋር አስተያየች። የአገረ ገዥውን የዊልያም ዌልድን መዝገብ ለይታ አወጣችው። በኋላም የልደት ቀን፣ ጾታና ባለ 5 አሃዝ የፖስታ ኮድ ብቻ 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ ለይቶ ሊያሳውቅ እንደሚችል አሳየች።

ለጥናት መስጠትን አልቃወምም። ሕክምና የሚሻሻለው በዚያ ነው። ግን ሲጠየቁ የልደት ቀንዎ ሙሉ ነው ወይስ ዓመቱ ብቻ፣ አድራሻዎ እስከ የት ይሄዳል ብለው ይጠይቁ። የዘረመል መረጃ ከሆነ ሁለቴ ያስቡ፤ የወንድምዎና የልጅዎም ነውና።

መዝገቡን የሚያስቀምጥልኝ ድርጅት ራሱ ያነበዋል?

መዝገቡ በሚስጥር ኮድ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ መልሱ የሚወሰነው የሚከፍተው ዲጂታል ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ነው። ቁልፉ ድርጅቱ ጋ ካለ ማንበብ ይችላል። እርስዎ ጋ ብቻ ካለ አይችልም፤ ነገር ግን ቁልፉ ከጠፋብዎ መዝገቡም አብሮ ጠፋ። ከመጀመርዎ በፊት «ፓስዎርዴን ብረሳ መዝገቤን ትመልሱልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብዙውን ጊዜ እነሱም መክፈት ይችላሉ ማለት ነው።

ድርጅቱ ቢዘጋስ?

ሆኖ ያውቃል። ጉግል ሄልዝ በ2008 ተጀምሮ በ2012 መጀመሪያ ተዘጋ። የማይክሮሶፍት ሄልዝቮልት ከ2007 እስከ 2019 ቆየ። ግዙፎቹ እንኳ እንዲህ ናቸው። መዝገብዎን በየጊዜው ያውርዱ፤ ሌላ ሥርዓት ሊያነበው በሚችል ፎርማት መሆኑንም ያረጋግጡ። ያወረዱትን ፋይል ግን ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ሜዳ ላይ አይተዉት፤ ይቆልፉት።

መዝገቤ ቢሰረቅ ምን አደርጋለሁ?

የባንክ ካርድ ቢሰረቅ ይቀየራል። የሕክምና ታሪክ አይቀየርም። በ2020 ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ማዕከል መረጃ መሰረቁ ሲታወቅ፣ ዘራፊው ታካሚዎቹን አንድ በአንድ በኢሜይል አስፈራራ፤ 200 ዩሮ በቢትኮይን ካልከፈላችሁ ለሐኪማችሁ የነገራችሁትን አወጣዋለሁ አላቸው። የተጎዱት ወደ 33 ሺህ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ መልእክት ቢደርስዎ አይክፈሉ። ቅጂውን ይያዙ፣ ለፖሊስ ያመልክቱ፣ ለሚያምኑት ሰውም ይንገሩ፤ ብቻዎን አይሸከሙት።

አካውንትዎ ብቻ ከሆነ የተነካው፣ መጀመሪያ የኢሜይልዎን ፓስዎርድ ይቀይሩ። የመዝገቡን ፓስዎርድ መቀየሪያ ሊንክ የሚመጣው እዚያ ነው፤ ሌባው ኢሜይሉን ከያዘው የመዝገቡን ፓስዎርድ ቢቀይሩም መልሶ ይገባል። ከዚያ የመዝገቡን ይቀይሩ፣ ክፍት የሆኑ ስልኮችንና ኮምፒውተሮችን በሙሉ ያስወጡ፣ የተገናኙ አፖችን ያቋርጡ፣ የመግቢያ ታሪኩን በፎቶ ያስቀሩ። የሚታከሙበትን ቦታም ያሳውቁ፤ በስምዎ ሌላ ሰው ሊታከም ቢመጣ መታወቂያ አይተው የሚያስቆሙት እነሱ ናቸው።